20 ሺህ ዶላሩ የማንም ቤት ዋጋ አይደለም

«አሜሪካ እኮ በጦርነቱ ጊዜ ያሰረቻቸውን ጃፓኖች ክሳለች። ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ሰጥታ ጉዳዩን ዘግታለች።» ሕግ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያልሰማሁበት ዓመት የለም። ተማሪ ሲለው አርማለሁ። ጠበቃ ሲለው ግን ያንገበግበኛል።

የሆነው ይህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓን በ1941 መጨረሻ የአሜሪካን ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ደበደበች። በ1942 ፌብሯሪ ላይ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትዕዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። በፓስፊክ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ 120 ሺህ ያህል የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ ወደታጠሩ ካምፖች ተወሰዱ። የቀረበባቸው ክስ አልነበረም። ዳኛ ፊትም አልቆሙም።

«የጠላት አገር ዜጎች ስለነበሩ ነው።» አይደለም። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ እዚያው የተወለዱ አሜሪካውያን ነበሩ። ወላጆቻቸው ዜግነት ያልነበራቸው ሕጉ ስለከለከላቸው ነው።

«የጸጥታ ስጋት ስለነበር ነው።» ጥቃቱ የደረሰው ሃዋይ ላይ ነው። ከሃዋይ ሕዝብ ከሲሶ በላይ የሚሆነው የጃፓን ዘር ነበረው። እዚያ ግን እንደ ጠረፉ ሕዝቡ በጅምላ አልታሰረም። ኮንግረስ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነገሩን መርምሮ ምክንያቶቹን ዘረዘረ፤ የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤ እና የፖለቲካ አመራር ጉድለት። በ1983 ደግሞ ፍርድ ቤት ትዕዛዙን አልቀበልም ብሎ የተቀጣውን የፍሬድ ኮሬማትሱን የጥፋተኝነት ፍርድ ሰረዘ። መንግሥት ያኔ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ማስረጃ እንደደበቀ የሚያሳዩ ሰነዶች ወጥተው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «20 ሺው ዶላር ለጠፋባቸው ንብረት ነው።»

በፍጹም አይደለም። የንብረቱ ካሳ ሌላ ሕግ ነበረው፤ የወጣውም በ1948 ነው። ያንን ሕግ ሳታውቁ 20 ሺውን ያስከፈለውን የ1988ቱን ሕግ መረዳት አትችሉም። ሰዎቹ ከቤት ሲወጡ የተፈቀደላቸው በእጃቸው መሸከም የሚችሉትን ብቻ ነበር። ሱቁን፣ የእርሻ መሣሪያውን፣ የቤት ዕቃውን በጥቂት ቀናት ውስጥ በወረደ ዋጋ ሸጡ፤ ወይም ለጎረቤት አደራ ሰጡ። ከዓመታት በኋላ የ1948ቱ ሕግ መጣና «የጠፋባችሁን በማስረጃ አረጋግጡ» አላቸው። በየትኛው ማስረጃ? ሻንጣና ሕፃን ተሸክሞ የወጣ ሰው የወንበር መግዣ ደረሰኝ ይይዛል እንዴ? ግብር መሥሪያ ቤቱም የቅድመ ጦርነቱን የግብር መዝገብ አስወግዶ ነበር። 148 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተጠይቆ የተከፈለው 37 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ይህን ሳነብ አንዲት ደንበኛዬ ትዝ ይሉኛል። የሱቃቸው ሰነድ ከሱቁ ጋር ተቃጥሏል። በሱቁ ውስጥ የነበረውን እያንዳንዱን ዕቃ በቃላቸው ዘረዘሩልኝ፤ የመደርደሪያውን ቀለም ሳይቀር። «ወረቀት አለ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

የ1988ቱ ሕግ የተለየው እዚህ ላይ ነው። የተከፈለው ለተነጠቀ ነፃነት ነው። ለዚህም ነው ካምፕ ውስጥ የተወለደ ሕፃንና እርሻውን ያጣ አባት እኩል 20 ሺህ የተቆረጠላቸው። ከገንዘቡ ጋር የመንግሥት ይቅርታ ነበረ። ከሁሉ በላይ ግን የማስረዳት ሸክሙ ዞረ። ሕጉ ተጎጂዎቹን ማመልከቻ ሳይጠይቅ፣ በእጁ ባሉት መዛግብት ፈልጎ እንዲያገኛቸው የፍትሕ መሥሪያ ቤቱን አዘዘ። ያሰረው መንግሥት ነው፤ የታሳሪዎቹን ዝርዝር የያዘውም እሱው ነው። የካሳ ሕግ ስታነቡ መጀመሪያ ይህን ፈልጉ፤ ወረቀቱን ማቅረብ ያለበት ማነው? የገንዘቡን መጠን ከዚያ በኋላ እዩ።

«ሁሉም ተከፍሏቸዋል» የሚለውም ስህተት ነው። ክፍያው የሚገባው ሕጉ በተፈረመበት ቀን፣ ኦገስት 10 ቀን 1988፣ በሕይወት ለነበረ ሰው ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢሞት ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጆች ወይም ለወላጆች ይተላለፋል። አንድ ቀን ቀድሞ የሞተ ሰው ቤተሰብ ግን ምንም አላገኘም። ገንዘቡ ራሱ መውጣት የጀመረው በ1990 ኦክቶበር ነው፤ ቅድሚያ ለአዛውንቶች ተሰጠ። መጀመሪያ ከተቀበሉት አንዱ የ107 ዓመት ፓስተር ነበሩ። በመጨረሻ የተከፈላቸው 82,219 ሰዎች ናቸው። ከ120 ሺው ላይ ቀንሱት።

«ጃፓኖች ብቻ ናቸው የተጎዱት።» የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆኑት አሌውቶችስ? 881 ሰዎች «ለደህንነታችሁ» ተብለው ከደሴቶቻቸው ተነስተው በአሮጌ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካዎች ውስጥ ሰፈሩ። ከአሥሩ አንዱ ያህል እዚያው ሞተ። ለተረፉት በዚያው ሕግ 12 ሺህ ዶላር ተከፈለ። ከፔሩና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ታፍሰው አሜሪካ የታሰሩት ጃፓኖች ደግሞ ከሕጉ ውጭ ቀሩ። ፓስፖርታቸው ተነጥቆ መጥተው፣ «በሕገወጥ መንገድ የገባችሁ ናችሁ» ተባሉ። በ1998 ከክርክር በኋላ በስምምነት 5 ሺህ ዶላር ደረሳቸው። ካናዳም ላፈናቀለቻቸው የጃፓን ዘር ላላቸው ሰዎች 21 ሺህ የካናዳ ዶላር ለመክፈል የተስማማችው በ1988 ነው፤ እዚያ ንብረታቸውን የሸጠው መንግሥት ራሱ ነበር።

«መንግሥት ተጸጽቶ በራሱ ፈቃድ ሰጠ።» አይደለም። መጀመሪያ ሰዎቹ መናገር ነበረባቸው። አጣሪ ኮሚሽኑ በ1981 ባደረጋቸው ስብሰባዎች ከ750 በላይ ሰዎች ቃላቸውን ሰጡ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም ነበር። 40 ዓመት ያህል!

እባካችሁ፣ በቤታችሁ ከቀዬው የተፈናቀለ ወይም ያለፍርድ የታሰረ ሽማግሌ ካለ ዛሬ ጠይቁት። ድምፁን ቅዱ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደወሰደው፣ አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም፣ ትቶት የሄደውን ዕቃ ጻፉ። ፎቶና ደብዳቤ ካለ ኮፒ አድርጉ። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ።