ፉአድ ኢብራሂም፦ ከድሬዳዋ እስከ ቶሮንቶ

ፉአድ ኢብራሂም ድሬዳዋ ተወልዶ፣ አሜሪካ አድጎ፣ በአሜሪካና በካናዳ ትልቁ ሊግ (ኤም ኤል ኤስ) የተጫወተ እግር ኳስ ተጫዋች ነው። በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫም ከዋልያዎቹ ስብስብ ጋር ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። የውጭ ድረ ገጾች አንዴ አሜሪካዊ፣ አንዴ ኢትዮጵያዊ ይሉታል። ጋዜጦቻችን ደግሞ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ይመርጣሉ። ለእኛ ግን የድሬ ልጅ ነው፣ አለቀ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ነሐሴ 9 ቀን 1983 ነው። ገና ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሚኒሶታ አደገ። ሚኒሶታ ከምሥራቅ አፍሪካ የሄደ ሰው የበዛበት ግዛት ነው። ሶማሊኛም ኦሮምኛም መንገድ ላይ ይሰማል። ለድሬ ሰው ያን ያህል ባዕድ አይሆንም።

የተወለደባት ከተማ የኳስ ታሪክ ግን በአንድ መስመር አይታለፍም። ድሬ በ1894 ገደማ ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን፣ ሰው ሁሉ «ኮተን» የሚለው፣ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫን ደጋግሞ ወስዷል። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ በ1957 አክራ ላይ ሲጠናቀቅ ከአራቱ የግማሽ ፍጻሜ ቡድኖች አንዱ ኮተን ነበር። በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ተመለሰ። ከአፍሪካ አራት ክለቦች አንዱ የድሬ ፋብሪካ ቡድን! ይህን የሚያውቅ ወጣት ዛሬ ስንት ይሆን?

በ1968 ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ ራሱ ድሬ መጣ። አዲስ አበባ አንዱን ምድብ ስታስተናግድ ሁለተኛው ምድብ እዚህ ተካሄደ። የዋንጫው ባለቤት ዛየር፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያና ሱዳን በድሬ ሙቀት ተጫወቱ። በመጨረሻ ዋንጫውን ያነሳችው ሞሮኮ ጉዞዋን የጀመረችው እዚሁ ነበር። የድሬ ታዳጊዎች ሜዳ ሲያጡ ወደ ደቻቱ ወንዝ ይወርዳሉ። ወንዙ ሲደርቅ አሸዋው ሜዳ ይሆናል። አሸዋ ላይ ኳስ ቶሎ አይንከባለልም፤ እግር ይሰምጣል፣ ለመሮጥ ጉልበት ይጠይቃል። ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው ጨዋታው የሚደራው።

ወደ ፉአድ እንመለስ። በአሜሪካ የታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ታቅፎ ነበር። በ1999 የሊጉ ዓመታዊ የተጫዋቾች ምርጫ ላይ ኤፍሲ ዳላስ ወሰደው። ዕድሜው 15 ብቻ ነበር። የገባውም ጄኔሬሽን አዲዳስ በሚባለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ለወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ደመወዛቸው ከክለቡ የደመወዝ ጣሪያ ላይ አይቆጠርም፤ ትምህርት ለመቀጠል ለሚፈልግም ገንዘብ ይመደባል። አሥራ አምስት ዓመት ለሞላው ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ2000 ወደ ቶሮንቶ ኤፍሲ ተዛወረ። ቶሮንቶ ሊጉን የተቀላቀለ የመጀመሪያው የካናዳ ክለብ ነው። እስከ 2003 መጀመሪያ ድረስ እዚያ ቆየ። ክለቡ የካናዳን ሻምፒዮና በ2001 እና በ2002 አከታትሎ ሲያነሳ ፉአድ ከስብስቡ ውስጥ ነበር። አንዳንዶች አጥቂ፣ ሌሎች አማካይ አድርገው ይመዘግቡታል። ከቶሮንቶ በኋላ ወዳደገበት ግዛት ተመልሶ ለሚኒሶታ ስታርስ ተጫወተ።

ከዚያ የትውልድ አገሩ ጥሪ መጣ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። የዚያን ቀን የነበረውን ደስታ ያየ ሰው አይረሳውም። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ፉአድን በስብስቡ አካተቱት። ከስዊድን የመጣው ዩሱፍ ሳላህም አብሮት ነበር።

ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩት ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ተደረገ። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዛምቢያ ከእረፍት በፊት አገባች። አሥር ሰው ይዘን ስንታገል፣ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። 1 ለ 1። የሚመሰገን ጨዋታ ነበር፣ ጮክ ብለን የጮኽንበት። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን።

ምድቡ ግን ቀላል አልነበረም። ዛምቢያ ያለፈው ውድድር ሻምፒዮን ነበረች። ፍጻሜውን የተጫወቱት ደግሞ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ናቸው፤ ዋንጫውን ናይጄሪያ ወሰደች።