ሰፖርትድ ሊቪንግ ምንድን ነው? ጥሩውስ በምን ይለያል?

እንግሊዝ አገር ባለ ሐበሻ ቤተሰብ ውስጥ «ኬር»፣ ማለትም ሰው የመንከባከብ ሥራ፣ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ብዙ ዓይነት ነው። ዛሬ የማወራችሁ እኔ ራሴ ስለምሠራበት፣ ሰፖርትድ ሊቪንግ ስለሚባለው ነው።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው በራሱ ስም በተከራየው ቤት እየኖረ፣ በሚያስፈልገው ነገር ብቻ የሚደገፍበት አኗኗር ነው። (ከአእምሮ ሕመም ጋር አይምታታባችሁ፣ ሌላ ነገር ነው።) አንዱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፣ ሌላው 24 ሰዓት ሰው አብሮት ይሆናል። ኬር ሆም (የእንክብካቤ ተቋም) ውስጥ መኝታውም እንክብካቤውም በአንድ ላይ ነው የሚመጣው። እዚህ ግን የኪራይ ውሉ ለብቻ፣ ድጋፉ ለብቻ ነው። ድጋፍ ሰጪው ድርጅት ካልተስማማው ቤቱን ሳይለቅ ድርጅቱን መቀየር መቻል አለበት።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ቤቱ የእሱ ነው። እኛ ሠራተኞቹ ሰው ቤት ነው የምንገባው።

ይህንን እኔም ቶሎ አልገባኝም ነበር። የመጀመሪያ ሰሞን የምደግፈው ሰው ሻይ ሊያፈላ ተነሣ። ውሃ ቀዳ፣ ስኳር ፈለገ፣ ምን እንደሚፈልግ ረሳ፣ እንደገና ፈለገ። አላስቻለኝም፣ «ተቀመጥ፣ እኔ ላምጣልህ» ብዬ ኩባያውን ተቀበልኩት። ያደግኩት እንደዚያ ነዋ! የምትወደውን ሰው አስቀምጠህ ነው የምታስተናግደው። ነባሯ ባልደረባዬ በኋላ ለብቻ ጠርታኝ «ለስድስት ወር ያስተማርነውን እኮ ነው ያፈረስሽብን» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ መቆም ተማርኩ። ሻዩ 20 ደቂቃ ይፈጅ፣ ምን ቸገረኝ፣ የተቀጠርኩት ለዚያው ነው።

ሕጉም እንደዚሁ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የሜንታል ካፓሲቲ አክት አንድ ሰው መወሰን አይችልም ተብሎ እስካልተረጋገጠ ድረስ ይችላል ብሎ ይነሣል። ውሳኔው ለእኛ ጥሩ ስላልመሰለን ብቻ «አይችልም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ገንዘቡን ባልወደድነው ነገር ላይ ቢያጠፋ ልናስረዳው እንችላለን፣ ቦርሳውን መደበቅ ግን አንችልም።

ወደዚህ የተመጣው በቀላሉ አይደለም። ድሮ እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን በትልልቅ ሆስፒታሎች ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። ሆስፒታሎቹ ከተዘጉ በኋላም ችግሩ አልቀረም፤ በ2011 ቢቢሲ በድብቅ ካሜራ ብሪስቶል አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል የግል ሆስፒታል ውስጥ ሠራተኞች ታካሚዎችን ሲመቱና ሲያሠቃዩ አሳየ፣ 11 ሠራተኞችም ጥፋተኛ ተባሉ። እንዲህ ያለውን ካየን በኋላ ተራ ሰፈር ውስጥ ያለ ተራ ቤት ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አያስፈልግም።

ግን ተራ ቤትም ትንሽ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ሳሎኑ የሠራተኞች ቢሮ ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ የሺፍት ሰሌዳ ተለጥፎ፣ የምግብ ቁምሳጥኑ ተቆልፎ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚበላበት ቤት አይቻለሁ። ተቆጣጣሪው፣ ኬር ኳሊቲ ኮሚሽን፣ እዚህ ላይ የሚመዝነው እንደ ማጠብና ማልበስ ያለውን የግል እንክብካቤ እንጂ ቤቱን አይደለም። ስለዚህ ድርጅቱ በምዘናው «ጉድ» (በእንግሊዝኛ Good፣ ጥሩ) ተብሏል ብላችሁ ብቻ አትመኑ።

ሌላው ጤና ነው፣ እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምናገረው። መናገር የማይችል ሰው ድንገት ራሱን መምታት ከጀመረ «ባሕርዩ ነው» ብሎ ማለፍ ሰው ይገድላል። ጥርሱን አሞት ሊሆን ይችላል፣ ሆድ ድርቀትም ሊሆን ይችላል። ሆድ ድርቀት ደግሞ በእነዚህ ሰዎች ላይ እስከ ሞት የሚያደርስ ነገር ነው። ይህን ቶሎ የሚያየው የሚያውቀው ሰው ነው። በየሳምንቱ አዲስ የኤጀንሲ ሠራተኛ የሚመላለስበት ቤት ውስጥ ማን ያየዋል? ከ14 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ በሐኪም የመታየት መብት አለ፣ ጠይቁ።

ልጃችሁን ወይም ወንድማችሁን ልታስገቡ ቤት የምታዩ ከሆነ ቤቱን አብሮት የሚጋራ ሰው ካለ ማን እንደመረጠው ጠይቁ። ባለፈው ቅዳሜ የት እንደዋሉም ጠይቁ። በሰመር ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ፒጃማ ለብሰው ካገኛችኋቸው ለሌሊት ሺፍት እንዲመች ተብሎ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ደወሉን ደውሉና በሩ እንዴት እንደሚከፈት ተመልከቱ፤ ራሱ መጥቶ ይከፍታል? ካልቻለስ ሠራተኛዋ «እንግዳ መጥቶልሃል፣ ልክፈት?» ብላ ትጠይቀዋለች?