የሞተር መጋዝ ባር፣ ሰንሰለትና የዘይት መስመር አያያዝ በደሴና በኮምቦልቻ

የሞተር መጋዝ፣ በአፍ ሲጠራ ቼንሶ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ለመጣል፣ ግንድ ለመቆራረጥና ጣውላ ለማውጣት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ከሞተሩ ወዲያ ያለው የመቁረጫ ክፍል በሦስት ነገሮች ይቆማል፦ ጥርስ ያለው ሰንሰለት፣ ሰንሰለቱ ጠርዙን ይዞ የሚዞርበት ባር የሚባል ረጅም ጠፍጣፋ ብረት፣ ለሁለቱም ዘይት የሚያደርሰው ፓምፕ ከነመስመሩ። ሦስቱ እንደ አንድ አካል ስለሆኑ የአንዱ ሕመም የሚታየው በሌላው ላይ ነው። ሰንሰለቱ ቶሎ ቶሎ የሚላላበት ሰው አዲስ ሰንሰለት ይገዛል፤ ባሩ የጠቆረበትም ባር ይለውጣል፤ የችግሩ መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ሰጋቱራ የደፈናት፣ ምስር የምታክል የዘይት ቀዳዳ ናት።

የአካባቢው ጠባይ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ድርሻ አለው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ከ600 ሜትር ባላነሰ ልዩነት ከታች ትገኛለች። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ በደጋው ነጩ፣ በቆላው ቀዩ ይበረክታል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ ቆራጮች ግንዱን ወደ መሬት ተጠግተው፣ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ አስቀርተው መቁረጥ ይመርጣሉ። ይህ ለዛፉም ለባለቤቱም መልካም ነው፤ ለሰንሰለቱ ግን አደጋ አለው። ሰንሰለት በሙሉ ጉልበት ሲዞር በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ አንዲት ጠጠር ወይም አንድ እፍኝ አፈር ለአንድ አፍታ ብትነካው የጥርሶቹን ስለት ታጠፋለች። በቁልቁለት ተጎትቶ የወረደ ግንድም በልጡ ውስጥ አሸዋ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከመቆረጡ በፊት የሚቆረጥበትን ቦታ በገጀራ ልጦ ወይም በብሩሽ ጠርጎ ማዘጋጀት የሞረድ ድካምን ይቀንሳል።

ከሦስቱ ቀዳሚውን ትኩረት የሚሻው የዘይቱ መስመር ነው። በአብዛኞቹ መጋዞች ፓምፑ የሚሠራው ከፍሪሲዮኑ ከበሮ ጋር በሚዞር ትንሽ ጥርስ አማካይነት ሲሆን፣ ዘይቱ ከጋኑ ውስጥ በማጣሪያና በጎማ ቱቦ ተስቦ፣ በባሩ ሥር ባለችው ቀዳዳ በኩል ወደ ባሩ ቦይ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ዘይቱን ተሸክመው እስከ ባሩ አፍንጫ የሚያደርሱት በቦዩ ውስጥ የሚሄዱት የሰንሰለቱ ጣቶች ናቸው። ዘይትና ሰጋቱራ ሲቀላቀሉ ግን እንደ ጭቃ ይሆናሉ፤ ያ ጭቃ በሙቀት ሲደርቅ ቀዳዳውንም ቦዩንም ይደፍናል። ስለዚህ በየቀኑ ሥራ ማብቂያ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የካንዴላውን ክዳን ነቅሎ፣ ጓንት አድርጎ፣ የባሩን ዳዶዎች ፈትቶ ሽፋኑን ማንሳት ይገባል። ቦዩ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በቀጭን ብረት ይፋቃል፣ ቀዳዳዋ በሽቦ ትከፈታለች፣ በፍሪሲዮኑ ዙሪያ የተጋገረውም ይጠረጋል። ከዐሥር ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ሲተው ግን ባርና ሰንሰለት ያስወጣል።

ዘይቱ መድረሱን ማረጋገጥም ቀላል ነው። መጋዙን አስነሥቶ የባሩን አፍንጫ ከአንድ ንጹሕ ካርቶን ወይም አዲስ ከተቆረጠ ጉቶ ፊት በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሳያስነኩ ይዞ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠንከር ባለ ጋዝ ማሠራት ነው። መስመሩ ጤነኛ ከሆነ በነጩ እንጨት ላይ ቀጭን የዘይት ፍንጣቂ መሥመር ሠርቶ ይታያል፤ ምንም ካልታየ መቁረጥ ማቆም ያስፈልጋል። ሌላው ምልክት ጋኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ አንድ ጋን ቤንዚን ሲያልቅ የዘይቱም ጋን ወደ ማለቁ መቅረብ አለበት። ቤንዚኑ አልቆ ዘይቱ ከግማሽ በላይ ከተረፈ ፓምፑ እየላከ አይደለም። በዚህም ምክንያት ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ዘይትም መሙላት ሊዘለል የማይገባው ልማድ ነው።

የዘይቱ ዓይነት ብዙ የሚያከራክር ጉዳይ ነው። ለሰንሰለት የተሠራ ዘይት የሚያጣብቅ ቅመም ስላለው ሰንሰለቱ በባሩ አፍንጫ ላይ ሲታጠፍ አይበተንም። እሱ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መጨመር የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ በጽኑ የምቃወመው ነገር ነው። የተቃጠለ ዘይት ከሞተር የተፋቀ የብረት ብናኝ ስላለበት ፓምፑን ይበላል፤ የመጣበቅ ኃይሉም አነስተኛ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን እየተረጨ የሚያርፈው በሠራተኛው እጅና ፊት ላይ፣ በሚቀጥለውም ዓመት ቡቃያ በሚያወጣው መሬት ላይ ነው። አማራጭ ከጠፋ ያልተሠራበት ንጹሕ የሞተር ዘይት ይሻላል። በደሴ የጥቅምትና የኅዳር ጠዋት ውርጭ ዘይት ስለሚወፍር ቀጠን ያለው፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ወፈር ያለው ይመረጣል። መጠን ማስተካከያ ብሎን ያለው መጋዝ ከሆነም ባሩ ሲረዝምና እንጨቱ ሲደርቅ በካቻቢቴ ፍሰቱን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ባሩ የሚያልቀው በቀስታ ነው። አብዛኛው ጫና የሚያርፈው በታችኛው ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ሰንሰለቱ በተሳለ ቁጥር ባሩን ገልብጦ ማሰር ዕድሜውን ያራዝማል። በጠርዞቹ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣው ስለታም ብረት በጠፍጣፋ ሞረድ ይወገዳል። ቦዩ መስፋቱን ለማወቅ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በሰንሰለቱ ጥርስና በባሩ ጎን ላይ ይደገፋል፤ በማስመሪያውና በባሩ መካከል ክፍተት ካለ ቦዩ ደህና ነው፣ ሰንሰለቱ ተጋድሞ ክፍተቱ ከጠፋ ግን ቦዩ ሰፍቷል። በጠርዙ ላይ ሰማያዊ የሆነ ቦታ መታየቱ ብረቱ ያለ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። አፍንጫው ላይ ግራሶ መግቢያ ቀዳዳ ያላቸው ባሮች በየጊዜው ግራሶ ይሻሉ፤ ቀዳዳ የሌላቸው ከሰንሰለቱ ዘይት ይበቃቸዋል።

የዛሬው ሰንሰለት ቅርጽ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ የግንድ ትል እንጨቱን ግራና ቀኝ እየፋቀ ሲያልፍ አይቶ ያሰበው ነው። ጥርሶቹ ስለዚህ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይቆርጣሉ፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልተሳሉ ቆረጣው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። የሞረዱ ውፍረት የሚወሰነው በሰንሰለቱ ልክ፣ ማለትም በሪቬቶቹ ርቀት ነው፦ ለ0.325 ኢንች 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለሙሉው 3/8 ኢንች 5.2 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ አጠር ላለው ለዝቅተኛው 3/8 ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር። ልኩ ካልታወቀ ሦስት ተከታታይ ሪቬቶች የሚይዙት ርዝመት በካሊብሮ ተለክቶ ለሁለት ይካፈላል። ባሩ በሞርሳ ተይዞ፣ ክቡ ሞረድ በአብዛኛው በ30 ዲግሪ ዘንበል ተደርጎ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፤ ሲመለስ መነካት የለበትም። ስለት ሳይጠፋ ቶሎ ቶሎ ከተሳለ በእያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ወይም ሦስት ግፊት ይበቃል። መሳል የሚገባበትን ጊዜ የሚናገረው እንጨቱ ነው፤ የተሳለ ሰንሰለት ፍልጣት ይጥላል፣ የደነዘ ግን እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ያወጣል፣ ሠራተኛውም መጋዙን መጫን ይጀምራል። ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለባት። ከዚህ በላይ ዝቅ ካለች ጥርሱ ከአቅሙ በላይ ይነክሳል፣ መጋዙም ወደ ሠራተኛው የመወርወር አደጋው ይጨምራል።

ውጥረቱ የሚለካው ሰንሰለቱ ሲቀዘቅዝ ነው። በእጅ በቀላሉ የሚጎተት፣ ከባሩ ሥር ግን የማይንጠለጠል መሆን ይኖርበታል። በሥራ ላይ ግሎ ላልቶ ሳለ ከተወጠረ ሥራ ሲያበቃ መላላት አለበት፤ አለዚያ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ የሞተሩን ዘንግና ኩሽኔታ ይጎዳል። ሰንሰለቱን የሚነዳው ፒኞንም በሁለት ሰንሰለት አንድ ጊዜ ይለወጣል።

ክረምት ገብቶ ቆረጣው ሲቀዛቀዝ ሰንሰለቱ ወልቆ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፣ ደርቆም ንጹሕ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል። ባሩ ተጠርጎ ዘይት ይቀባል፣ የዘይቱ ጋንም ከሥሩ የዘቀጠው ዝቃጭ ተደፍቶ ይጸዳል፤ በመስከረም መጀመሪያ መጋዙ ሲነሣ የመጀመሪያው ሥራ የካርቶኑ ፍተሻ ነው።