ጌትስ ሚሊኒየም፦ ለ20 ሺህ ተማሪዎች የተከፈለው የኮሌጅ ወጪ

ጌትስ ሚሊኒየም በአሜሪካ ሃይስኩል ለጨረሱ፣ ጎበዝ ሆነው ቤተሰባቸው አቅም ላነሰው ተማሪዎች ይሰጥ የነበረ ስኮላርሺፕ ነው። ዕድሉ ለጥቁሮች፣ ለሂስፓኒኮች፣ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ለእስያና ለፓሲፊክ ደሴቶች ተወላጆች ነበር። ቢልና ሜሊንዳ ጌትስ በ1999 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 1 ቢሊዮን ዶላር መድበው ጀመሩት። የሚያስተዳድረው ዩኤንሲኤፍ ነበር። ይህ በ1944 የተመሠረተ አንጋፋ ድርጅት የጥቁሮችን ኮሌጆች ደግፎ ያቆመ በመሆኑ ሥራውን ያውቅበታል።

ለማመልከት ከ4 ነጥብ ቢያንስ 3.3 ማምጣት፣ እንዲሁም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች ለሚሰጠው ፔል ግራንት ብቁ መሆን ያስፈልግ ነበር። ዜግነት ግዴታ አልነበረም፤ ግሪን ካርድ ይበቃል። ለሐበሻ ልጆችም በሩ የተከፈተው በዚህ ነው። የአፍሪካ ስደተኞች ልጆች በባርነት ዘመን ከተወሰዱ ጥቁሮች ዘሮች ጋር በአንድ ረድፍ ይቆጠሩ ወይ የሚል ክርክር በኮሌጆች ዙሪያ ይነሳል። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው።

ፎርሙ ቀልድ አልነበረም። አንዱን ተማሪው፣ ሌላውን የሚያጨው መምህር፣ ሦስተኛውን የድጋፍ ምስክር ይሞላል። ተማሪው ራሱ ስምንት ድርሰት ይጽፋል። ጎበዝ የሆነበትን ትምህርት ብቻ ሳይሆን የከበደውንም ይናገራል፤ በደል ያየበትን አጋጣሚም ይጠየቃል። ለፔል ግራንቱ ደግሞ የወላጅ የታክስ ወረቀት ይፈለጋል። በብዙ ሐበሻ ቤት ያንን ወረቀት አገላብጦ የሚያነበው ልጁ ራሱ ነው።

ገንዘቡ የሚሰላው መጨረሻ ላይ ነበር። ኮሌጁና መንግሥት ሰጥተው የጎደለውን ስኮላርሺፑ ይሞላል። ዋናው ውበቱ ግን በዲግሪ አለማቆሙ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ምህንድስና፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ትምህርት፣ የሕብረተሰብ ጤና ወይም ላይብረሪ ሳይንስ የመረጠ ተማሪ እስከ ዶክትሬት ይደገፍ ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ስኮላርሺፕ በጣት የሚቆጠር ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት በየዓመቱ 1,000 ተማሪዎች ይመረጡ ነበር። በ2016 የመጨረሻዎቹ ሲገቡ ቁጥሩ 20 ሺህ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የተተካው ዘ ጌትስ ስኮላርሺፕ በዓመት 300 ተማሪ ብቻ ይወስዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳያዩ ከወሰነ በኋላ መሰል ስኮላርሺፖችም ጫና በዝቶባቸዋል። ዘ ጌትስ ስኮላርሺፕም በ2025 የዘር መስፈርቱን አንሥቷል፤ የገቢው መስፈርት ግን አለ።

የዘ ጌትስ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሲዘጋ የኖረው ሴፕቴምበር 15 ነው። በእኛ መስከረም 5፣ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ገና ከድስቱ ሳያልቅ።