«መድኃኒት ታቀልጣለህ አሉ?»

ጅማ ፋርማሲ ስማር ለመመረቂያ ጽሑፌ የመድኃኒት ዱቄት እያሞቅሁ ነው የከረምኩት። ቡና በተጠራሁበት ቤት ሁሉ «መድኃኒት ታቀልጣለህ አሉ?» እባላለሁ። አዎ፣ አቀልጣለሁ። አብረው የሚመጡት ግምቶች ግን ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ሲሞቅ ከቀለለ አርሯል ማለት ነው።» ይህን ያሉኝ እናት ቡና እየቆሉ ነበር። እትዬ፣ አልኳቸው፣ ጥሬው ቡና ምጣድ ላይ እንዳረፈ ያራል እንዴ? መጀመሪያ የሚወጣው እርጥበቱ ነው። አሞክሳሲሊንም እንደዛው ነው። ካፕሱል ውስጥ የሚገባው ዱቄት፣ እያንዳንዱ ሞለኪውል ሦስት የውኃ ሞለኪውል ይዞ ነው ክሪስታል የሚሠራው፤ ከክብደቱ 13 ከመቶ ገደማው ውኃ ነው። ቲጂኤ የሚባለው ማሽን ዱቄቱን እያሞቀ ይመዝናል። ክብደቱን የሚያሳየው መስመር ዝቅ ሲል መጀመሪያ እኔም «በቃ አበላሸሁት» ብዬ ደንግጬ ነበር። ውኃው ነው የወጣው። መበስበሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች መቅለጫው ይቀንሳል።» ይሄ የተማሪዎች ነው። ከተማችን 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እውነት ነው። መፍላት ግን ከአየር ግፊት ጋር ትግል ነው፤ መቅለጥን ይህን ያህል የግፊት ልዩነት አይነካውም። መቅለጫ የሚለካው ማሽን የሚስተካከልበት ኢንዲየም የሚባል ብረት የትም ብትወስዱት 156.6 ላይ ይቀልጣል። 160 ካሳያችሁ ማሽኑን አስተካክሉ፣ ጅማን አትውቀሱ።

«ሞለኪውሉ አንድ ከሆነ መድኃኒቱም አንድ ነው።» እኔን በጣም የሚያስገርመኝ ይሄኛው ነው። ፓራሲታሞል ሞለኪውሎቹ በአንድ መልክ ሲደረደሩ 170 አካባቢ፣ በሌላ መልክ ሲደረደሩ 157 አካባቢ ይቀልጣል። ያው ፓራሲታሞል! ነገሩ ሁሌ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይቀርም። ሪቶናቪር የሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1998 ካፕሱሉ ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ሌላ ክሪስታል ብቅ አለ። ሞለኪውሉ አልተለወጠም፤ አዲሱ ክሪስታል ግን እንደ በፊቱ አልሟሟ ስላለ ካፕሱሉ ከገበያ ወጣ።

«መቅለጫው ከፍ ያለ መድኃኒት የትም ቢቀመጥ ምንም አይሆንም።» አስፕሪን የሚቀልጠው 135 አካባቢ ነው፣ ምድጃ አጠገብ ያለ መደርደሪያ እዚያ አይደርስም። ግን በጅማ ክረምት ክዳኑ ላላ ብሎ የከረመ የአስፕሪን ብልቃጥ ክፈቱና አሽትቱ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ፣ ሳይቀልጥ እርጥበት በልቶታል።