የከፊል ብድር ዋስትና ዕዳ ይሰርዛል?

ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ አንዴ ልጻፈው። «ፈንዱ ዋስ ከሆነኝ ባልከፍልስ?» ትከፍላለህ! ከፊል ዋስትና ማለት ብድሩ ካልተመለሰ ዋስ የሆነው ፈንድ ከባንኩ ኪሳራ የተወሰነውን ይሸፍናል ማለት ነው፤ የተሰጠውም ለባንኩ ነው።

ዝናብ ያስቸገረው ሽንኩርት አምራች ለሶላር ፓምፕና ለጠብታ መስኖ 400,000 ብር ፈለገ እንበል። ባንኩ «ቤት አስይዝ» ይላል፤ ፓምፕ በመያዣነት ብዙም አይጥመውም። በሕዝብ ገንዘብ የቆመ ፈንድ «ከኪሳራው ግማሹ በእኔ» ሲል ግን ይደፍራል። ሰውየው 100,000 ከፍሎ ቢያቆም (ወለዱን እንተወውና) ከቀረው 300,000 ላይ ፈንዱ ለባንኩ 150,000 ይከፍላል። የተበዳሪው ዕዳ ያው 300,000 ነው። ባንኩ ከሶም ሆነ መያዣ ሸጦ ያስከፍለዋል፤ ከተገኘው ላይ ፈንዱም እንደ ውሉ ድርሻውን ይወስዳል።

ለምን ሙሉውን አይሸፍንም? ባንኩ የሚያጣው ከሌለ ተበዳሪውን ማን አጥብቆ ይመርምረው! በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ በዴንማርክና በስፔን የተመሠረተው የአፍሪካ ዋስትና ፈንድ እንኳ በተለመደው አሠራሩ እስከ 50 በመቶ ነው የሚሸፍነው።

ከውል ውል የሚለያየው የሚሸፈነው መቶኛ፣ ለዋስትናው የሚጠየቀው ክፍያ፣ እንዲሁም ወለድ በዋስትናው መካተት አለመካተቱ ነው። እሱን ከመፈረማችሁ በፊት ባንኩን ጠይቁ።