የአተሞች ስርጸት በቀለጡና ከቅልጠት ነጥብ በታች ፈሳሽ ሆነው በቆዩ የብረታ ብረት ቅይጦች

ስርጸት ወይም ዲፊውዥን የሚባለው አተሞች በሙቀት ኃይል ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ በአንድ ቁስ ውስጥ የሚሰራጩበት ሂደት ነው። በቅልጠት ነጥባቸው አካባቢ ላሉ አብዛኞቹ ፈሳሽ ብረታ ብረቶች የስርጸቱ መጠን በሰከንድ ጥቂት ቢሊዮንኛ ስኩዌር ሜትር ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ አተም ከነበረበት አንድ ሚሊሜትር ለመራቅ 100 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል፤ በጠጣር ብረት ውስጥ ግን ያንኑ ርቀት ለመጓዝ ቀናት ሊፈጅበት ይችላል። ቅይጥ ሲረጋ ክሪስታሎቹ በምን ፍጥነት እንደሚያድጉና የትኛው ንጥረ ነገር የት እንደሚከማች በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ቁጥር ነው።

የሂሳብ መሠረቱን አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 የጣለ ሲሆን፣ ዊሊያም ሮበርትስ-ኦስተን ደግሞ በ1896 ወርቅ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ የሚሰርጽበትን ፍጥነት ለክቶ አሳትሟል።

ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሥራውን የፈተነው ፈሳሹ ራሱ መንቀሳቀሱ ነው። በሙቀት ወይም በክብደት ልዩነት የሚነሳ ፍሰት በሰከንድ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢጓዝ እንኳ፣ አተሞቹ በስርጸት አንድ ሚሊሜትር በሚርቁበት 100 ሰከንድ ውስጥ አሥር ሚሊሜትር ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ በቀጭን ቱቦ ከተለኩት የቆዩ ቁጥሮች ብዙዎቹ ከትክክለኛው በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 የጠፈር ቤተ ሙከራ በሆነው በስፔስላብ ተልእኮ፣ ክብደት በማይሰማበት ሁኔታ በቀለጠ ቲን ላይ የተደረገው ልኬት በምድር ከተገኙት ያነሰ ውጤት በመስጠቱ ይህን በግልጽ አሳይቷል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የተንሳፋፊዋ ጠብታ ዘዴ ነው። ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላት የቀለጠ ኒኬል ጠብታ በኤሌክትሮማግኔት ኃይል አየር ላይ ትያዛለች፤ የመርጋት መነሻ የሚሆን የዕቃ ግድግዳ ስለማይነካትም ከ1455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቅልጠት ነጥቧ ከ200 ዲግሪ በላይ ወርዳ ሳትረጋ ትቆያለች። በጠብታዋ ላይ የሚላኩት ኒውትሮኖች ከአተሞቹ ጋር ተጋጭተው ሲበተኑ ጉልበታቸው በጥቂቱ ይለወጣል፤ ከዚህ ለውጥ የአተሞቹ ፍጥነት ይሰላል። ልኬቱ የሚያየው በትሪሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር እንቅስቃሴን በመሆኑ የጠብታዋ ውስጣዊ ፍሰት አያዛባውም። በጀርመን ጋርቺንግ በሚገኘው የምርምር ሪአክተር የተሠራበት ይህ ዘዴ፣ የኒኬል ስርጸት ከቅልጠት ነጥቡ በላይም ሆነ በታች አንድን ሕግ ሳያቋርጥ እንደሚከተል አረጋግጧል። የቲኑ የጠፈር ልኬት ከዚህ ሕግ የተለየ፣ ከሙቀቱ ስኩዌር ጋር የሚያድግ ስርጸት ያሳየ በመሆኑ፣ ለብረታ ብረት ሁሉ የሚሠራ አንድ ቀመር አለ ማለት ግን የሚያስቸግር ይመስላል።

ክሪስታል ሳይሠሩ ወደ ብርጭቆነት የሚያመሩ ቅይጦች ሌላ ጠባይ አላቸው። ፓላዲየም፣ መዳብ፣ ኒኬልና ፎስፈረስ ባሉበት ቅይጥ ፈሳሹ እየቀዘቀዘና እየዘለገለገ ሲሄድ የፓላዲየም አተሞች እንቅስቃሴ በዚያው ልክ ይዘገያል፤ ትንንሾቹ አተሞች ግን ወደ ብርጭቆነት መለወጫው ሲደርሱ በአሥር ሺህ እጥፍ ያህል ይቀድሟቸዋል። በዚርኮኒየም ቅይጥ ውስጥ ደግሞ በአተም ክብደት የሚለያዩት ሁለቱ የኮባልት ዓይነቶች፣ ኮባልት 57 እና ኮባልት 60፣ በእኩል ፍጥነት ለመሄድ ምንም ያህል አይቀራቸውም። አተሞች አንድ በአንድ የሚዘሉ ቢሆኑ ኖሮ ቀላሉ በ2.6 በመቶ ያህል ሊፈጥን ይገባ ስለነበር፣ ውጤቱ ብዙ አተሞች ተያይዘው በቡድን እንደሚንቀሳቀሱ ያመለክታል።